የሚክስ ጥበብ፦ ከጭፈራው ወለል እስከ አድማጩ ጆሮ

ስለ ሙዚቃ በሚቀርቡ ሂሶች ውስጥ ገጣሚው፣ የዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪውና ድምፃዊው በየተራ ይመረመራሉ። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው ሰው ግን ከሐያሲው ዓይን የሚያመልጥበት ጊዜ ይበዛል። ይህ ሰው የተጠናቀቁትን ዘፈኖች መርጦ፣ በቅደም ተከተል አሰልፎ፣ የአንዱን ጫፍ ከሌላው ጫፍ ጋር አያይዞ እንደ አንድ ሥራ እንዲደመጡ የሚያደርግ ነው። ዲጄ ይባላል፤ የሥራው ውጤትም ሚክስ ይባላል። ዛሬ በታክሲው፣ በፀጉር ቤቱ፣ በሠርጉ አዳራሽና በተማሪው የጆሮ ማዳመጫ ከሚሰማው ሙዚቃ ብዙው በዚህ ሰው እጅ ያለፈ ነው። ሕዝብ አዘውትሮ የሚያደምጠውን ነገር ሂስ ችላ ካለው ጉዳቱ ለራሱ ለሂሱ ነው።

ስለ ስያሜው ጥቂት እንበል። «ቅንብር» የሚለው ቃል ለአቀናባሪው ሥራ ተይዟል። «ቅልቅል» ብንለው ከሠርግ በኋላ የሁለቱ ወገን ዘመዶች የሚገናኙበትን ድግስ ያስታውሰናል። ምሳሌነቱ ግን የሚናቅ አይደለም፤ በቅልቅል ጊዜ ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ማዕድ ይቀርባሉ እንጂ አንዱ የሌላውን ስም አያጠፋም። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን። ለጊዜው ግን ሕዝቡ የሚጠራበትን «ሚክስ» የሚለውን ቃል እንያዝ።

በጉዳዩ ላይ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ይሰነዘራሉ። የመጀመሪያው፣ ሚክስ በሌላው ሰው ላብ የሚጋገር እንጀራ ነው፤ ግጥም ያልጻፈ፣ ዜማ ያላወጣ፣ መሣሪያ ያልተጫወተ ሰው ከያኒ ሊባል አይገባውም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማንኛውም ሰው ኮምፒዩተር ከፍቶ ሁለት ዘፈን ካጋጠመ ፈጣሪ ሆኗል የሚል ነው። ሁለቱም አስተያየቶች አንድ ስሕተት ይጋራሉ፤ ሥራውን ሳያዳምጡ ስለ ሥራው ይፈርዳሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሥራውን በቅርብ መርምሮ የሚመዘንበትን መለኪያ መፈለግ ነው። ትኩረታችንም በአንድ የተለየ ዐይነት ሚክስ ላይ ይሆናል፤ እርሱም በቤት ውስጥ ተቀድቶ፣ ታርሞና ተሰናድቶ፣ ጭፈራ ለማይጨፍር፣ ቁጭ ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው የሚቀርበው ነው።

1. አመጣጡ

(የውጭ አገር ሥራዎች ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር ተጠቅሷል።)

ሚክስ የተወለደው በጭፈራ ቤት ነው። በ1970 ገደማ በኒውዮርክ ከተማ፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ ሳንክቸሪ በተባለ የጭፈራ ቤት ውስጥ፣ ፍራንሲስ ግራሶ የተባለ ወጣት ሁለት የሸክላ ማጫወቻዎች ጎን ለጎን አቁሞ የአንዱን ሸክላ ምት ከሌላው ምት ጋር እያስማማ ማጫወት ጀመረ። በ1973 ደግሞ በዚያው ከተማ በብሮንክስ ሰፈር ኩል ሄርክ የተባለው ትውልደ ጃማይካዊ ከዘፈኑ መካከል ከበሮው ብቻውን የሚቀርበትን አጭር ክፍል በሁለት ሸክላ እየደጋገመ ማርዘም አሳየ። ሁለቱም የሠሩት በሕዝብ ፊት፣ በዚያችው ቅጽበት ነበር። ሌሊቱ ሲያልፍ ሥራውም አብሮ አለፈ።

የቤት ሚክስን ጥበብ በተመለከተ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን የቶም ሞልተን ታሪክ ነው። ሞልተን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከኒውዮርክ አጠገብ በምትገኘው ፋየር አይላንድ በተባለች የመዝናኛ ደሴት ሰዎች ሲጨፍሩ ተመለከተ። ዘፈኑ ገና ከመጋሉ ያልቃል፤ ጨፋሪውም ወለሉን ጥሎ ይወጣል። ምክንያቱ በቁሳዊ ነገር ላይ የተመሠረተ ነበር። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ራዲዮውም የሚፈልገው የ3 ደቂቃ ዘፈን ነበር። ሞልተን ወደ ቤቱ ተመልሶ በድምፅ መቅጃ ቴፕ ላይ 45 ደቂቃ የሚፈጅ ያልተቋረጠ ሙዚቃ አዘጋጀ። እርሱ እንደተናገረው ሥራው 80 ሰዓት ወስዶበታል። ስናሰላው ለእያንዳንዱ የሚደመጥ ደቂቃ 1 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ያህል የፈሰሰ ድካም ማለት ነው። «ቁልፍ መጫን ብቻ ነው» ለሚሉ ሰዎች ይህ ቁጥር በቂ መልስ ይሰጣል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮች እናገኛለን። አንደኛ፣ ሚክስ የተፈጠረው ከጉድለት ነው፤ ሸክላው ያጠበበውን ጊዜ ቴፑ አሰፋው። ቅርፅ ከመሣሪያው ዐቅም ጋር እየታገለ እንደሚወለድ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሁለተኛ፣ ሞልተን የሠራው በሌሊቱ ጭፈራ መካከል ሳይሆን ብቻውን በቤቱ ተቀምጦ፣ እየሰማ፣ እየመለሰ፣ እያረመ ነበር። በዚህ ረገድ የሞልተን ሥራ ከጨፋሪው ፊት ከቆመው ዲጄ ሥራ ይልቅ ከባለቅኔው ማዕድ፣ ከተሰረዘና ከተደለዘ ወረቀት ጋር ይቀራረባል።

2. ለእግርና ለጆሮ

የጭፈራ ሚክስና የማዳመጫ ሚክስ አንድ ዐይነት ቁሳቁስ ይጠቀማሉ፤ ሕጋቸው ግን የተለያየ ነው። በጭፈራው አዳራሽ ሕዝቡ ራሱ የሥራው ተካፋይ ነው። ዲጄው የጨፋሪውን ትከሻ እያየ ይወስናል፤ ሲደክሙ ያቀዘቅዛል፣ ሲነቃቁ ያፋፍማል። መድረክ ላይ ያለ ተዋናይ የተመልካቹን ሳቅ ጠብቆ ቀጣዩን ቃል እንደሚናገረው ማለት ነው። ትንንሽ ስሕተቶችም በጩኸቱና በሙቀቱ ይሸፈናሉ።

በቤት ለሚደመጠው ሚክስ ይህ ሁሉ የለም። አድማጩ አይታይም። ምናልባት ልብስ እያጠበ ይሆናል፤ ምናልባት በሌሊት አውቶቡስ መስኮት ተደግፎ ይሆናል። ሰውነት የሚወደውን ድግግሞሽ ጆሮ ይሰለቸዋል። በአዳራሹ 4 ደቂቃ ሙሉ የሚደጋገም ከበሮ እግርን ያስደስታል፤ በክፍል ውስጥ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ግን ባዶ ጎዳና ይሆንበታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የቤት ሚክስ ተደጋግሞ ይደመጣል። በአሥረኛው ማዳመጥ ጊዜ የተሰነጠቀው መጋጠሚያ እንደ ተሰነጠቀ ብርጭቆ ዘወትር ዓይን ይስባል።

የጭፈራው ሕግ ወደ ማዳመጫው ሥራ ሲገባ የሚፈጠረውን ግጭት በአንድ የታወቀ ሥራ መመልከት ይቻላል። በ1975 በወጣው የግሎሪያ ጌይነር አልበም የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሞልተን ሦስት ዘፈኖችን ያለ ማቋረጥ አገናኝቶ ወደ 19 ደቂቃ የሚጠጋ አንድ ሥራ አደረጋቸው። ለጭፈራ ቤቶች ትልቅ ስጦታ ነበር። ነገር ግን ሞልተን ራሱ እንደተረከው፣ ድምፃዊቷ ሥራውን ስትሰማ ቅር ያላት በውስጡ የራሷ ድምፅ አነስተኛ መሆኑ ነበር። መሣሪያዎቹ ብቻቸውን የሚጫወቱባቸው ክፍሎች ረዝመው ዘፋኟን በገዛ ዘፈኗ ውስጥ እንግዳ አድርገዋታል። እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ የአንዲት ድምፃዊት ቅሬታ ብቻ አይደለም። አዘጋጁ የሌላውን ሰው ሥራ ለራሱ ዓላማ ሲቀርጽ ድንበሩ የት ነው? የሚለው የጥበቡ ዐቢይ ጥያቄ ነው።

ሌላ ተቃራኒ ምሳሌ እንውሰድ። በ1981 ግራንድማስተር ፍላሽ በሹገር ሂል ኩባንያ በኩል ያወጣው 7 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሥራ ከሌሎች ሸክላዎች በተወሰዱ ድምፆች የተሠራ ነው። ሺክ፣ ክዊን፣ ብሎንዲ የተባሉት ቡድኖች ሙዚቃ በውስጡ እየተቆራረጠ ይገባል፣ ይወጣል፣ እርስ በርሱ ይነጋገራል። ፍላሽ ሥራውን የቀዳው በሦስት የሸክላ ማጫወቻዎች በእጁ እየተጫወተ ነበር፤ ሲሳሳትም ያንኑ ቦታ ቆርጦ በማስተካከል ፈንታ ከመጀመሪያው እንደገና ይጀምር ነበር። ከዚህም የተነሣ በሥራው ውስጥ የእጅ ትንፋሽ ይሰማል። ሸክላው ሲፋቅ የሚወጣው ድምፅ ራሱ የከበሮ ምት ሆኗል። ሰባቱ ደቂቃ ለእግርም ለጆሮም ይበቃሉ።

እንግዲህ ክርክሩ ይህ ነው፦ ማረም ማጭበርበር ነውን? አንዳንድ ዲጄዎች ያልተቆረጠ፣ በአንድ ትንፋሽ የተቀዳ ሚክስ ብቻ እውነተኛ ነው ይላሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ሁለት ዐይነት ጥበብ ማደናገር ነው። የመድረክ ትርኢት ባለፈበት ቅጽበት አይታረምም፤ የታተመ ግጥም ግን ሳይታረም መውጣቱ ነውር ነው። ለማዳመጫ የሚዘጋጅ ሚክስ የሚመደበው ከሁለተኛው ወገን ነው። ሆኖም የፍላሽ ትምህርት መዘንጋት የለበትም። ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ምት በፍርግርግ ላይ እስኪደረድር ድረስ የታረመ ሚክስ ስሕተት የለውም፤ ሰውም የለውም። እርማት ዓላማው የአድማጩን ጆሮ ከሚያሰናክል ነገር መንገዱን ማጽዳት እንጂ የሠሪውን እጅ መደምሰስ መሆን የለበትም።

3. አሠራሩና ውበቱ

የቤት ሚክስ ውበት የሚመነጨው ከአራት ነገሮች ነው፤ እነርሱም ምርጫ፣ ቅደም ተከተል፣ መጋጠሚያና ስንዱነት ናቸው።

ምርጫ ሲባል የሚወደዱትን ዘፈኖች ማከማቸት ማለት አይደለም። ሃያ ምርጥ ዘፈን በአንድ ላይ ሲሰለፍ ሃያ ንጉሥ በአንድ አዳራሽ እንደማስቀመጥ ነው፤ የሚያጅብ ይጠፋል። ጥሩ አዘጋጅ ትልቁን ዘፈን ትልቅ የሚያደርገው ከፊቱ በሚያስቀምጠው ትሑት ዘፈን ነው። ተውኔት ጸሐፊ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ከማስገባቱ በፊት በር ከፋች አሽከሮችን እንደሚያናግር ዐይነት ነው።

ቅደም ተከተል የሚክስ ሴራ ነው። ካሴቱ በነገሠበት ዘመን ይህን የሚወስነው ቴፑ ራሱ ነበር። የ60 ደቂቃው ካሴት በአንድ ገጽ 30 ደቂቃ፣ የ90ው ደግሞ 45 ደቂቃ ይይዛል። በመካከሉ ካሴቱን መገልበጥ ግድ ነውና አዘጋጁ ሁለት ገቢር ያለው ተውኔት እንዲጽፍ ይገደድ ነበር፤ ለመጀመሪያው ገጽ መዝጊያ፣ ለሁለተኛው ገጽ መክፈቻ ያስፈልገዋል። ዛሬ ኮምፒዩተሩ ይህን ወሰን አንሥቶታል። ሦስትና አራት ሰዓት የሚፈጁ ሚክሶች ይሠራሉ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ መጀመሪያና መካከል አላቸው፤ መጨረሻ ግን የላቸውም፤ ዝም ብለው ይቆማሉ። ወሰን ሲጠፋ ቅርፅ አብሮ እንዳይጠፋ አዘጋጁ ለራሱ ወሰን ማበጀት ይኖርበታል።

መጋጠሚያ የሙያው መፈተኛ ነው። ብዙው ዘመናዊ የጭፈራ ሙዚቃ በአራት አራት ምት ይቆጠራል፤ ሐረጉም ብዙ ጊዜ በ16 ወይም በ32 ምት ይዘጋል። በደቂቃ 120 ምት ለሚሄድ ዘፈን 32 ምት 16 ሴኮንድ ማለት ነው። አዲሱ ዘፈን የሚገባው ያለፈው ሐረጉን በዘጋበት ቅጽበት ከሆነ አድማጩ መሸጋገሩን ሳያስተውል ይሻገራል። በሐረጉ መካከል ከገባ ግን ምቱ ቢገጥም እንኳ ንግግር እንዳቋረጠ ሰው ያስከፋል። ይህን ባለቅኔ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቤት የሚመታው በሐረጉ መጨረሻ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ሁለት ወፍራም የቤዝ ድምፆች በአንድ ጊዜ ከተሰሙ ይጨፈቃሉ፤ ሁለት ዘፋኞች በአንድ ጊዜ ቢዘፍኑ ደግሞ የሁለቱም ግጥም ይጠፋል። ስለዚህ አስተዋይ አዘጋጅ አንዱን ቤዝ ዝቅ አድርጎ ሌላውን ያስገባል፤ ግጥሙንም እስኪያልቅ ያከብራል።

የሸክላ ማጫወቻውም የራሱ ሕግ ነበረው። በ1979 የወጣውና ለዲጄዎች ዋና መሣሪያ የሆነው የቴክኒክስ ማጫወቻ ፍጥነቱን እስከ 8 በመቶ ከፍና ዝቅ ለማድረግ ያስችላል። ፍጥነቱ በ6 በመቶ ገደማ ሲጨምር ግን ዜማውም በግማሽ ድምፅ ይወጣል። ዛሬ ኮምፒዩተሩ ዜማውን ሳያዛባ ፍጥነቱን መለወጥ ይችላል፤ ከመጠን በላይ ከተለጠጠ ግን የዘፋኙ ድምፅ ይሻክራል። መሣሪያው ፈቀደ ማለት ጆሮ ፈቀደ ማለት አይደለም።

ስንዱነት ስንል ከቀረጻ በኋላ የሚከናወነውን ዝምተኛ ሥራ ማለታችን ነው። ከልዩ ልዩ ዘመን የተሰበሰቡ ዘፈኖች ድምፃቸው እኩል አይደለም። የድሮው ሸክላ ቀስ ብሎ ይናገራል፤ አዲሱ ይጮኻል። አድማጭ በየ4 ደቂቃው ተነሥቶ ድምፅ ማስተካከል ካለበት ሚክሱ ከሽፏል። መፍትሔው ሁሉንም ወደ ጩኸት ማንሣት ሳይሆን በቀረጻ ጊዜ ለከፍተኛው ድምፅ በቂ ቦታ መተውና ኋላ በጆሮ ማመጣጠን ነው። በመጨረሻም ሥራው ከተሠራበት ክፍል ውጭ መደመጥ አለበት፤ በትንሽ ራዲዮ፣ በመኪና፣ በርካሽ የጆሮ ማዳመጫ። ከዚያም ለጥቂት ቀናት ማሳደርና ባልደከመ ጆሮ እንደገና መስማት ይጠቅማል። ግጥም ጽፎ በመሳቢያ ያሳደረ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቃል።

4. ቅኝትና ምት በእኛው ሙዚቃ

ከላይ የተዘረዘሩት ሕጎች የተወለዱት በአሜሪካ የጭፈራ ሙዚቃ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያን ዘፈኖች ለሚያጋጥም አዘጋጅ እንዳሉ መቀበል አይበቁም።

በመጀመሪያ ምቱን እንመልከት። ብዙዎቹ የአማርኛ ዘፈኖች የቆሙበት የችክችካ ምት ስድስት ለስምንት ነው። ይህ ምት በሁለት በሁለት ሲቆጠርም በሦስት በሦስት ሲቆጠርም ይሄዳል፤ ውበቱም ያለው በዚሁ ጥንድነቱ ነው። የኮምፒዩተሩ ቆጣሪ ግን ብዙ ጊዜ ግራ ይጋባል፤ በደቂቃ 120 የሚሄደውን 180 ወይም 80 ነው ብሎ ያነበዋል። ከዚህም ሌላ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በሸክላ የተቀዱት ዘፈኖች ሙዚቀኞቹ አብረው እየተጫወቱ የተቀረጹ ናቸውና ፍጥነታቸው እንደ ሰዓት አይጸናም፤ ዘፋኙ ሲግል ባንዱም አብሮ ይግላል። ይህን ሕያው መንቀጥቀጥ በፍርግርግ አስሮ ማስተካከል ዘፈኑን መግደል ነው። እንዲህ ያለውን ዘፈን በጆሮና በእጅ መከተል፣ ወይም ጨርሶ ሳያደራርቡ በአጭር ዝምታ መሻገር ይሻላል። ዝምታም መጋጠሚያ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅኝት ነው። ዛሬ ዲጄዎች የሚጠቀሙባቸው ኮምፒዩተራዊ መሣሪያዎች ዘፈኖችን ሁሉ በ24 ሜጀርና ማይነር መደቦች ይከፋፍላሉ። በዚህ ክፍፍል ውስጥ ለአንቺሆዬ የሚሆን ቤት የለም፤ አምባሰልም የሰው ስም ተሰጥቶት ይገባል። አዘጋጁ የቅኝትን ዝምድና ራሱ ማስላት አለበት። ከአንድ መነሻ ድምፅ ብንነሣ ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ሁለቱ የሚጋሩት ዶንና ሶልን ብቻ ነው። ስለዚህ ትዝታው እየተሰማ አምባሰልን በላዩ ማስገባት ሁለት የሚጣሉ ሰዎችን በአንድ ወንበር ማስቀመጥ ነው። አምባሰልና አንቺሆዬ ግን ዶን፣ ሬ ፍላትንና ፋን ይጋራሉ፤ በመካከላቸው ድልድይ መሥራት ይቻላል። ይህ ዕውቀት ያለው አዘጋጅ ከናፍቆት ወደ ቁጭት፣ ከቁጭት ወደ ደስታ አድማጩን በቅኝት እየመራ ሊወስደው ይችላል። እንዲህ ያለውን ሚክስ በማንኛውም የውጭ መለኪያ መመዘን አያስፈልግም፤ የራሱን መለኪያ ይዞ ይመጣል።

የቤት ሚክስ ለአንድ ሰው ተብሎ ሲሠራ ምን ኃይል እንዳለው ያሳየ አንድ የፊልም ሥራም አለ። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የሠራውና በካን የፊልም በዓል ታላቁን የዳኞች ሽልማት ያገኘው «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው ፊልም ነው። በፊልሙ ውስጥ ዊንስተን የተባለው ኢትዮጵያዊ ጎረቤት የቀድሞ ወዳጆቹን ፍለጋ ለሚሄደው ዶን ለመንገድ የሚሆን ሲዲ በቤቱ አዘጋጅቶ ይሰጠዋል። ዶንም በተከራየው መኪና ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ እየሰማ ከከተማ ከተማ ይጓዛል። ለተውኔት ጸሐፊ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ዶን ስሜቱን የማይናገር ገጸ ባሕርይ ነው፤ ጓደኛው ያዘጋጀለት ሙዚቃ ስለ እርሱ ይናገርለታል። ዊንስተን በብዙዎቹ የጉዞ ትዕይንቶች አይታይም፤ በሚክሱ አማካይነት ግን ከአጠገቡ ተቀምጧል። ሰው ለሰው የሚያዘጋጀው ሚክስ ከዚህ የበለጠ ዓላማ ሊኖረው አይችልም፤ በሌላ ሰው ዝምታ ውስጥ አብሮ መቀመጥ ነው።

5. የስም ጉዳይ

አሁን በመግቢያችን ወዳቆየነው ነጥብ እንመለስ። ሚክስ የሚቆመው በሌሎች ሥራ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ዘፈን ጀርባ ገጣሚ፣ የዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪና ሙዚቀኞች አሉ። ሚክሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው በአንድ ስም፣ በዲጄው ስም ነው። ዘፈኖቹ የማን እንደሆኑ የሚገልጽ ዝርዝር የለውም። ድምፃዊውን አድማጩ በድምፁ ያውቀው ይሆናል፤ ገጣሚውን ግን በምን ያውቀዋል?

ይህ ችላ የሚባል ጉዳይ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን ሲደነግግ ደራሲው ከሥራው በሚያገኘው ገንዘብ ላይ ካለው መብት ሌላ የሞራል መብትም እንዳለው አስታውቋል፤ ይኸውም የሥራው ደራሲ መሆኑ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት ነው። ለራስ ማዳመጫ በቤት ማዘጋጀት አንድ ነገር ነው፤ አባዝቶ ማሠራጨትና መሸጥ ግን ሌላ ነው፤ ፈቃድ ይጠይቃል።

ፈቃድ መጠየቅ ቀላል እንዳልሆነ የሚመሰክር ምሳሌ አለ። ሶልዋክስ በተባለው ቡድን የሚታወቁት ሁለት የቤልጅግ ወንድማማቾች በ2002 አንድ የሚክስ አልበም ሲያሳትሙ ለ187 ዘፈኖች ፈቃድ ጠየቁ። 114ቱ ተፈቀዱ፤ 62ቱ ተከለከሉ፤ የ11ዱ ባለቤቶች ሊገኙ አልቻሉም። አዘጋጆቹ ይህን ሒሳብ ከአልበሙ ጋር ለአድማጩ ገለጡ። ሥራው የተዋጣ ነው፤ ከውበቱ ባልተናነሰ የሚያስከብረው ግን ይህ ግልጽነቱ ነው። የቀላቀሉትን ሁሉ በስሙ ጠሩ።

ከዚህ አንጻር የሙያው ክብር የሚለካበት አንድ ቀላል ፈተና አለ። አዘጋጁ ከሚክሱ ጋር የዘፈኖቹን ዝርዝር አቅርቧልን? በዝርዝሩ ውስጥ ድምፃዊው ብቻ ነው ወይስ ገጣሚውና የዜማ ደራሲውም ተጠቅሰዋል? የ80 ሰዓት ድካም ያፈሰሰ ሰው ስሞቹን ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት አጣሁ ማለት አይችልም። ስም ማቅረብ ለአድማጩም ትምህርት ነው። አንድ ወጣት በሚክስ መካከል የሰማውን የግማሽ ደቂቃ ዋሽንት ተከትሎ ሙሉውን ሥራ፣ ከዚያም ሠሪውን ፈልጎ ሊያገኝ ይችላል። ስም የሌለበት ሚክስ ይህን በር ይዘጋበታል።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከትነው ሚክስ ራሱን የቻለ የኪነ ጥበብ ቅርፅ ሊሆን የሚችለው ራሱን ሲችል ነው። ለጭፈራ የሚሆነው ሥራ ተመዛኙ በጨፋሪው ፊት ነው፤ ለማዳመጫ የሚሆነው ግን እንደ መጽሐፍ ተደጋግሞ የሚጠየቅ ሥራ ነው። ስለዚህ ሐያሲው የሚከተሉትን ጥያቄዎች ማንሣት ይገባዋል። ምርጫው የአዘጋጁን ሐሳብ ያሳያል ወይስ የገበያውን ወሬ ብቻ? ቅደም ተከተሉ ሴራ አለው? መጋጠሚያው የግጥሙን ሐረግና የዜማውን ቅኝት ያከብራል? ዝግጅቱ የአድማጩን ጆሮ ይንከባከባል? በመጨረሻም፣ የሌሎቹ ስም በቦታው አለ?

እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ሚክስ በብዛት ሲሠራ በሌላው ላብ የሚጋገር እንጀራ ነው የሚለው ክስ በራሱ ጊዜ ይወድቃል። የማይመልስ ሚክስ ግን ሺህ ጊዜ ቢደመጥም ክሱን ያጸናዋል። የሙዚቃ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ቅኝት ሲያስተምሩ አራት ዘፈን አጋጥመው እንዲያመጡ ቢያዟቸው፣ ምክንያታቸውንም በጽሑፍ ቢጠይቋቸው፣ ስለ ዝምድናቸውና ስለ ልዩነታቸው በሰሌዳ ከሚጻፈው ይልቅ በጆሯቸው የሚቀር ይበልጣል። ዲጄዎቹም ሥራቸው በሂስ ሚዛን ላይ እንዲወጣ መፍቀድ ይኖርባቸዋል። ሂስ የሚፈሩት ሥራዎች ብቻ ሳይሆኑ ሂስ የማይደርሳቸው ሥራዎችም ሳያድጉ ይቀራሉና ውይይቱ ከዚህ ይጀመር።